«ሶብር» ምን ማለት ነው?



በቅርቡ አባቱ ወደ አኼራ የሄደበት አንድ ተማሪያችን ከተዕዚያ ወደ ክፍል ሲመለስ፣ እንደ ልማዳችን «ሶብር አድርግ» አልነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ኡስታዝ፣ ካለቀስኩ ሶብሬ ፈረሰ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠነውም። ሁላችንም ቃሉን እንደ ዝም ማሰኛ መጠቀም ለምደናልና።

ቃሉ በዐረብኛ ሷድ፣ ባ እና ራ ከሚባሉት ሦስት ፊደላት የተገነባ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ መያዝ፣ ማገት፣ ማሰር ነው። ዐረቦች ታስሮ ስለተገደለ ሰው ሲናገሩ እንኳ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ይጠቀማሉ። በሱረቱል ካህፍ 28ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጧትና ማታ ጌታቸውን ከሚጠሩት ጋር ነፍሳቸውን እንዲያጸኑ ሲያዝ የመጣው ይኸው ግስ ነው። ልብ በሉ፤ እዚያ ቦታ ሞትም ለቅሶም አልተነሣም። የተነሣው ዓይን ወደ ዱንያ ጌጥ እንዳይሸሽ ነፍስን መያዝ ነው። ስለዚህ ሶብር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይሆን ልጓም መያዝ ነው፤ ልጓም የያዘ ሰው ደግሞ ሥራ ላይ ነው። የኛው አማርኛም ይህን ያውቃል፦ «ቻለ» ስንል አቅም አገኘ ማለትም፣ መከራን ተሸከመ ማለትም ነው።

እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት ሬትም በዐረብኛ ስሙ ከእነዚሁ ሦስት ፊደላት የተሠራ ነው። ምሬቱን ለቀመሰ ሰው ዝምድናው አያስገርምም።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዩሱፍን ባጡ ጊዜ መልካም ሶብርን መረጡ፤ ሆኖም ዓይናቸው ከሐዘን ብዛት እስኪነጣ ድረስ አዘኑ፣ ስሞታቸውንም ለአላህ ብቻ አቀረቡ። ቁርአን ሁለቱንም በአንድ ሱራ ውስጥ ይነግረናል። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ሲሞትም ዓይናቸው እንባ አፍስሷል፤ አንደበታቸው ግን ጌታቸውን ከሚያስደስት ቃል ውጭ አልተናገረም። ኢብኑል ቀዪም ሶብርን ሲያብራሩ ነፍስን ከመሸበር፣ ምላስን ከማማረር፣ እጅን ጉንጭ ከመምታትና ልብስ ከመቅደድ መያዝ ነው ይላሉ። ከሚታሰሩት መካከል እንባ አልተቆጠረም።

ኢንሻአላህ ሰኞ ክፍል ስንገባ ልጁን ለብቻው ጠርተን ይህንኑ እንነግረዋለን፤ ስለ መዘግየታችንም ዐፉ በለን እንለዋለን።