አእምሮ ሲታወክ ሰውነትንም ስለ መመርመር

ጤነኛ የነበረች ልጅ በድንገት የማይገባ ነገር ስትናገር፥ ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር፥ እንቅልፍም ስታጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አንዱ አብዳለች ይላል፤ ሌላው ክፉ መንፈስ ይዟታል ይላል፤ ገመናችን እንዳይገለጥ ብሎ በጓዳ የሚዘጋባትም አይታጣም። እኛ ግን እንዲህ ያለው መታወክ አንዳንድ ጊዜ በሆድ ውስጥ ከተሸሸገ ዕጢ የሚመጣ፥ በሕክምናም የሚድን መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆሴፕ ዳልማው ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው የ12 ሴቶችን ሕመም መርምረው አስታወቁ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 44 ዓመት ነበረ። የ11ዱ ሴቶች ዕጢ የተገኘው የሴት ዘር እንቍላል በሚያድርበት ማኅደር ላይ ነው፤ የአንዲቱ ግን በደረቷ ውስጥ ነበረ።

ይህ ዕጢ ቴራቶማ ይባላል። ጠጕርና ጥርስ፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ አንጎል ያለ ሥጋ ይበቅልበታል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኀይል ይህን ሥጋ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው፥ በእውነተኛው አንጎል ውስጥ ያለውን ኤን ኤም ዲ ኤ የተባለውን መልእክት ተቀባይ አብሮ ያጠቃል። ነገሩ በጨለማ ሌባ ያገኘ መስሎት የጌታውን ልጅ እንደሚመታ ዘበኛ ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በራስ ምታትና በትኵሳት ይጀምራል። ጥቂት ቀኖች ቈይቶ የአእምሮ መታወክ ይከተላል፤ ከዚያም መንቀጥቀጥ፥ የአፍና የእጅ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ፥ የንግግር መጥፋት፥ በመጨረሻም የትንፋሽ መድከም ይመጣል። ሐኪሞች ከጀርባ አከርካሪ በሚቀዳው ፈሳሽና በደም ምርመራ ያውቁታል፤ ዕጢውንም በአልትራሳውንድና በኤም አር አይ ይፈልጉታል። ዕጢው ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የተሳሳተውንም የሰውነት ኀይል የሚያበርድ መድኀኒት ይሰጣል።

በ2013 ዓ.ም. በወጣው ሰፊ ጥናት ከ577 ሕመምተኞች ከመቶ 81 ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ዕጢ የተገኘባቸው ግን ከመቶ 38 ናቸው። ስለዚህ ዕጢ አልተገኘም ተብሎ ሕክምናው አይተውም። ከተከታተሏቸው 501 ሰዎች 394ቱ በ2 ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማስተዳደር በቅተዋል፤ 30ው ግን ሞተዋል። ፈጥኖ የታከመ ይልቁን እንደሚድንም ታውቋል።

የአእምሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ድንገተኛ መታወክ ከመንቀጥቀጥ ወይም ከንግግር መጥፋት ጋራ ሲታይ፥ ቤተ ሰብ ጸሎቱን ሳያቋርጥ ሕመምተኛዪቱን ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ያድርሳት፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ምልክቶቹ የመጡበትን ተራ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ስለ ገመና ብሎ ዝም ማለት ልጅን ሊያሳጣ ይችላልና።