14 ቀን፣ ደግሞ 14 ቀን

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን የምከራከረው ስለ በቅሎም ስለ ጭብጦም አይደለም፤ ያለ ፍርድ ስለሚሄድ የሰው ዕድሜ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ደግ። ቀረበ እንበል። መርማሪው ይነሣና «ምስክር ይቀረናል፣ ግብረ አበር ይቀረናል፣ የቴክኒክ ማስረጃ ይቀረናል» ይላል። ዳኛው 14 ቀን ይሰጣሉ። ቀኑ ሲደርስ ያው መርማሪ፣ ያው «ይቀረናል»። ደግሞ 14 ቀን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም አለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አልቆጠረም። ቀዳዳው ይኸው ነው።

እስቲ ለፖሊስ ጠበቃ ልቁምለት። ሚስቱን የደበደበ ሰው በማግስቱ በዋስ ወጥቶ ደጇ ላይ ቢቆም፣ ማን ደፍሮ ይመሰክራል? ገንዘብ ያለው ድንበር ቢሻገርስ? ሕገ መንግሥቱም ይህን አልዘነጋም፤ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ እንዲፈቀድ፣ በሕግ በተለዩ ሁኔታዎችም ዋስትና እንዲከለከል በር ከፍቷል። ይህን ክርክር የጨቋኝ ወሬ ብሎ መናቅ ራስን ማታለል ነው።

ነገር ግን ክርክሩ የመጀመሪያውን 14 ቀን ያስረዳ ይሆናል፤ አምስተኛውን አያስረዳም። ምስክር ያስፈራራል የሚል ሥጋት ካለ፣ ሥጋቱን በማስረጃ አሳይቶ ዋስትና ማስከልከል ይቻላል፤ አንቀጽ 67 የተጻፈው ለዚያ ነው። «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ግን ሥጋት አይደለም፤ ያልተሠራ ሥራ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ዘገየ? ሰውየው ስለታሰረ አይፈጥንም!

የሚገርመው ደግሞ ይኸ ነው። ብዙዎቻችን ያወገዝነው የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ (ቁጥር 652፣ በ2012 ዓ.ም. ተተክቷል) እንኳ የምርመራ እስሩ በጠቅላላው ከ4 ወር አይለፍ ብሎ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። አንቀጽ 59 ግን በሞባይል ስርቆት ለተጠረጠረ ልጅ ያንን ጣሪያ እንኳ አላበጀለትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። አንደኛ፣ የቀጠሮው ብዛት በሕግ በቁጥር ይገደብ። ሁለተኛ፣ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ዳኛው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ? ለቀረው ሥራስ ይህ ሰው ለምን መታሰር አለበት?» መልስ ከሌለ ዋስትና ነው። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያሻም፤ አንቀጽ 19 ከሚያስፈልገው በላይ አትፍቀዱ ካለ ቆይቷል።

ከወራት በኋላ «አያስከስስም» ተብሎ ለሚወጣው ሰውስ? ሥራው ሄዷል፣ ውዝፍ የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል፣ ጎረቤት በጎሪጥ ያየዋል። በቅሎውም ጭብጦውም ሄደዋል፤ ያውም ያለ ፍርድ።