«ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?»

ወገን፣ እስኪ ዛሬ ስለ ራሳችን እናውራ።

አምስት ዓመት ሕግ ተማርን። የመውጫ ፈተናውን አለፍን። ጋዋን ለብሰን የተነሳነው ፎቶ እናታችን ሳሎን ተሰቅሏል። ከዚያስ? ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ 2 ዓመት» የሚለውን ማንበብ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ ሰልፉን ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ስጠራ ለአንድ መደብ አዳራሽ ሞልተን ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ምን አነበብክ?» አላለኝም። «ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?» ነው ያለኝ።

ይሄ ጥያቄ ነው ትውልዱን እየበላው ያለው!

በዘመድ የሚገባ የለም አንልም። አለ፣ እናውቃለን፣ እንቃወመዋለን። ግን በዚህ ንዴት ሌላ ስህተት ሠርተናል፦ ሰው መተዋወቅን ሁሉ ዘመድ ፍለጋ አድርገን ጠላነው። ዘመድ ሥራህን ሳያይ ያስገባሃል። የሙያ ሰው ግን ሥራህን አይቶ ይመሰክርልሃል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ሕግ ደግሞ ብቻህን ቤት ተቀምጠህ የምትጨርሰው ሙያ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉን በቃሉ የሚወጣ ልጅ መዝገብ ቤት ሄዶ ክስ መክፈት ሲያቅተው አይቻለሁ። ያ ልጅ እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ችሎት ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ማለት የጀመርኩት። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም «ምን ልትሠራ መጣህ?» አላለኝም። በሦስተኛው ሳምንት ውጭ ላይ አንድ አንጋፋ ጠበቃ «ጋሼ፣ ያቺ የይርጋ ክርክር አልገባችኝም» አልኳቸው። ቆመው አስረዱኝ። ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሯቸው እሄዳለሁ፣ የመልስ ረቂቅ እጽፋለሁ፣ በቀይ ተሰርዞ ይመለሳል። ደሞዝ የለውም፤ አሁንም ሥራ ፈላጊ ነኝ። ግን ሥራዬን ያየ አንድ ሰው አለ።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ፦

1. ችሎት ግቡ። የሰማችሁትን ጻፉ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ።

2. አምስት ስድስት ሆናችሁ የሰበር ውሳኔ አንብቡ። ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ በቅጽ ተጠርዞም ይወጣል። በሳምንት አንድ ውሳኔ፣ አንዱ ለከሳሽ ሌላው ለተከሳሽ ይከራከር።

3. ነጻ የሕግ ድጋፍ ስጡ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ማዕከላት አሏቸው፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል። ለራፖር ጸሐፊ የምትከፍለው ያጣች እናት ደጅ ላይ ቆማ ተመራቂ ቤት ተኝቶ ስልክ መነካካቱ ነውር ነው።

4. ማስታወቂያ አትደባበቁ! ፉክክር እንዳይበዛ ብለህ ከጓደኛህ የደበቅከው ቦታ ለባለ ዘመድ ይሄዳል። የባቹን ቴሌግራም ግሩፕ ከቀልድ አውጥታችሁ ለዚህ አውሉት።

አንጋፋዎቻችንም ይስሙን። ነጻ ሥራ ለሀብታም ልጅ ልምድ ነው፣ ለድሃ ልጅ ግን የትራንስፖርት ዕዳ ነው። ቢያንስ የታክሲና የምሳ ስጡን፣ ለሠራነው ደግሞ የምስክር ደብዳቤ ጻፉልን። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በሩን ከፍቷል። እያንዳንዱ ድርጅት አንድ ጀማሪ ቢያስጠጋ ስንቱ ከሰሌዳ ሥር ይነሳ ነበር!

አባቶቻችን አጨዳውን በደቦ ነው የተወጡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይላሉ። ዘመድ የሌለን ልጆች እርስ በርስ ዘመድ እንሁን። ነገ ከመካከላችን አንዱ ዳኛ፣ አንዷ ጠበቃ፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ ይሆናል። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመውን ጀማሪ «ማን ላከህ?» ሳይሆን «ምን ትችላለህ?» ብለን እንጠይቀው።

ችሎት እንገናኝ።