መርፌ ከልክሎ በሽታ መፍቀድ

ለመሆኑ ጥናት ለባለሥልጣን ምኑ ነው? የመደርደሪያ ማሟያ? የስብሰባ ማጀቢያ? ይህን የምጠይቀው ስለ እኛዎቹ መ/ቤቶች ብቻ አይደለም። የእኛዎቹን እናውቃቸዋለን። ዛሬ የማነሳው በሀብትም በሳይንስም ዓለምን እመራለሁ በሚለው አገር፣ በአሜሪካ፣ ስለሆነው ነገር ነው። ተደብቆ የወጣ ምስጢር የለውም። ሁሉም ታትሞ፣ ተቆጥሮ፣ ተሰፍሮ ተቀምጧል። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ኢንዲያና በሚባለው ግዛት፣ ስኮት በሚባል አውራጃ፣ ኦስቲን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ 4,200 ገደማ ነው፤ አንድ የእኛን ቀበሌ አታክልም። በዚህ አውራጃ በዓመት የሚመዘገበው አዲስ የኤች.አይ.ቪ. ተያዥ ከ5 በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 የግዛቱ ጤና መ/ቤት 11 ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው አገኘ። በኤፕሪል 135 ሆኑ። በኖቬምበር መጀመሪያ 181! አብዛኞቹ የዚያችው የኦስቲን ነዋሪዎች ናቸው።

ምን አመጣው? «ሴሰኝነት» የሚል ካለ ይቅርታ ይጠይቅ። ያመጣው ክኒን ነው። ያውም ከጓሮ የተጠመቀ ሳይሆን በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በመንግሥት ተፈቅዶ፣ በሐኪም ፊርማ የሚታዘዝ ክኒን። ኦፓና ይባላል። ሞርፊንና ሄሮይን ከሚመደቡበት፣ ኦፒዮይድ ከሚባለው የህመም ማስታገሻ ወገን ነው። ሰዎች እየፈጩ በአፍንጫ መሳቡን ለመዱት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ክኒኑ እንዳይፈጭ አድርጎ ሠራው። ብልሃት መሆኑ ነው! ሱሰኛው መፍጨት ሲያቅተው አሟሟው፣ በመርፌ ወሰደው። ከአፍንጫ ወደ ደም ሥር የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ከገበያ እንዲነሳ የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን የጠየቀው ግን በ2017 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ክኒኑ ውድ ስለሆነ በጋራ ይሟሟል፤ መርፌውም በጋራ ነው። ተመራማሪዎቹ ቤት ለቤት ሲጠይቁ ያገኙትን ስሙልኝ። አንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 15 ጊዜ ይወጋል። በአንዳንድ ቤት አያት፣ እናትና ልጅ፣ ሦስት ትውልድ፣ አብረው ይወጋሉ። እኛ ቡና አብረን እንደምንጠጣው! በሕክምና መጽሔት በወጣው ዘገባ ከተያዙት ከመቶ 88 ያህሉ ይህንኑ መድኃኒት በመርፌ መውሰዳቸውን ተናግረዋል። ከመቶ 92ቱ ደግሞ ከኤች.አይ.ቪ. ሌላ ጉበት የሚበላው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ነበረባቸው። የቫይረሱ ዘር በላቦራቶሪ ሲመረመር የ157 ሰዎቹ ቫይረስ እጅግ የተቀራረበ፣ የአንድ ቤተሰብ ያህል ሆኖ ተገኘ። አንድ እሳት ነው ቤት ለቤት የተዛመተው።

ይቺን ሄፓታይተስ ሲ የምትባል ነገር ያዙልኝ፤ ወሬው ሁሉ እሷ ላይ ነው። በደም የሚተላለፍ ስለሆነ፣ መርፌ መጋራት በተጀመረበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። ኤች.አይ.ቪ. ከኋላ ይከተላል። በስኮት አውራጃ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት የታየው ኤች.አይ.ቪ. ከመፈንዳቱ ዓመታት አስቀድሞ ነው። ማለትም ጢሱ ታይቷል። ታዲያ ምን ተደረገ? በአውራጃው የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ይሰጥ የነበረው ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ። በግዛቱ ሕግ ዕፅ ለመውሰጃ ተብሎ መርፌ ይዞ መገኘት ከባድ ወንጀል ነበር። ስለዚህ ሱሰኛው ንጹሕ መርፌ በኪሱ ከሚገኝ፣ ሌላው የተወጋበትን ተቀብሎ መውጋት ይሻለዋል። ሕጉ ራሱ አስተማረው።

አገረ ገዥው በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ማይክ ፔንስ ነበሩ። ያገለገለ መርፌ ተቀብሎ ንጹሑን መስጠትን በመርህ ይቃወሙ ነበር። በሽታው ሲፈነዳ የጤና ሰዎች ወተወቷቸው። ሰውየው ልጸልይበት አሉ። ጸሎቱን አልነቅፍም፤ እኔም እጸልያለሁ። ቫይረሱ ግን ሱባኤ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ማርች 26 ቀን 2015 አስቸኳይ ጊዜ አውጀው፣ ለ30 ቀን ብቻ፣ መርፌ እንዲለወጥ ፈቀዱ። በኤፕሪል መጀመሪያ ሥራው ተጀመረ፤ በሜይ ሕግ ወጣለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

«መዘግየቱ ምን ጎዳ?» የሚል አይጠፋም። የዬል ዩኒቨርስቲ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ይህንኑ አስልተዋል። እርምጃው በ2013 መጀመሪያ ተወስዶ ቢሆን የሚያዘው ሰው ከ56 አይበልጥም ነበር። በ2011 ቢሆን ከ10 አይበልጥም። በመካከሉ ያሉት ከመቶ በላይ ሰዎች ታዲያ የማን ዕዳ ናቸው? የክኒኑ? የመርፌው? ወይስ በወንበር ላይ ተቀምጦ የታየውን ጢስ ያላየው ሰው?

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። መርፌ መለወጥ ከተጀመረ፣ ምርመራና ሕክምና ከቀረበ በኋላ አዲስ ተያዥ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ሥራው ሠራ። ከዚያ በሰኔ 2021 (በእነሱ አቆጣጠር) የአውራጃው ሦስት ኮሚሽነሮች ተሰብስበው፣ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ፕሮግራሙ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋ አሉ! አንደኛው ኮሚሽነር ያቀረቡት ምክንያት፣ ሰካራም ለማውቀው ሰው ውስኪ አልገዛለትም የሚል ነው። የቀድሞው የግዛቱ የጤና ኃላፊ፣ በኋላም የአገሪቱ ዋና ሐኪም የነበሩት ጄሮም አዳምስ በአካል ሄደው አትዝጉት ብለው ነበር። የሰማቸው አንድ ኮሚሽነር ብቻ ነው። እኔ ግን ውስኪ የተባለው ነገር አልገባኝም። የታደለው ክኒን አይደለም። የታደለው መለኪያው ነው እንበል፤ ያውም ሌላው ሰው ያልደማበት መለኪያ።

አንዳንድ አንባቢ አሁን «ፈረንጅ እርስ በርሱ ቢጨራረስ ለእኛ ምን ገዶን?» እንደሚል አውቃለሁ። እሺ፣ ወደ ወገኖቻችን እንምጣ። ዋሽንግተን ዲሲ ስንቱ የሐበሻ ቤተሰብ እንዳለበት የማያውቅ የለም፤ የማናችንም ዘመድ እዚያ አለ። ያቺ ከተማ በገዛ ግብሯ እንኳ መርፌ እንዳትለውጥ የአሜሪካ ኮንግሬስ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከልክሏት ነበር። የከተማዋ ነዋሪ በኮንግሬስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም፤ የከለከሉት ግን የሌላ ግዛት ተመራጮች ናቸው። ዲሞክራሲ እንግዲህ! ክልከላው በ2007 መጨረሻ ተነሳ። በዚያ ዓመት በመርፌ ምክንያት ኤች.አይ.ቪ. የተገኘባቸው ወደ 150 ነበሩ፤ በ2011 ወደ 30 ወረዱ። የከተማዋ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርስቲ ሰዎች ባሰሉት መሠረት፣ ፖሊሲው በተቀየረ በሁለት ዓመት ብቻ 120 ሰው ከቫይረሱ ድኗል። የአንድ መርፌ ዋጋ ሳንቲም ነው፤ አንድን ሰው ዕድሜ ልኩን ማከም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዶላር። ሒሳቡን ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም፤ የእኔ ዲፕሎማም በቂ ነው።

ወደ ቤታችን ስመለስ፣ በኢትዮጵያ ኤች.አይ.ቪ. በደም ናሙና የታየው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ታወቁ። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ «ምላጭ አትጋሩ፣ መርፌ አትጋሩ» ሲባል ያደግን ነን። የዚያን ጊዜ መርፌ የተባለው ግን የሰፈር መርፌ ወጊው ነበር። ዛሬ ሌላ ነገር መጥቷል። ትራማዶል ከዚያው ከኦፒዮይድ ወገን ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ጥርሴን አሞኝ ስሙን የማልጠራው መድኃኒት ቤት ገብቼ ስጠይቅ፣ ማዘዣ አለህ ወይ ያለኝ የለም። «ስንት ፍሬ ልስጥህ?» ነው የተባልኩት። ክኒን መርፌ አይደለም፤ ክኒን የዋጠ ሁሉ መርፌ ያነሳል ማለትም ውሸት ነው። ኦስቲንም ግን የጀመረችው በክኒን ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ አንቀጽ 525፣ አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ይቀጣል። ነጋዴውን ይቅጣ፣ እሰየው። ተጠቃሚው ልጅ ግን ክንዱን ለነርስ ቢያሳይ ፖሊስ ይጠራብኛል ብሎ ከፈራ፣ ክንዱን የሚያሳየው ለጓደኛው መርፌ ነው። የኢንዲያናው ሕግ ያስተማረውን ትምህርት የእኛም እንዳያስተምረን ነው ፍርሃቴ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያነበበ ሹም ነገ ተነስቶ ሞርፊን ይታገድ እንዳይል። በካንሰር የሚሰቃየው ወገናችን ማስታገሻ አጥቶ ግድግዳ እየቧጨረ ነው የሚያድረው። ለእሱ ሞርፊን ከልክሎ ትራማዶልን ያለማዘዣ መቸርቸር ድርብ በደል ነው።

ስለዚህ ለጤና ሹማምንቱ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። በከተማችን በመርፌ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች ስንቶቹ በሄፓታይተስ ሲ ተይዘዋል? ቁጥር ካላችሁ ጋዜጣ ላይ አውጡት። ከሌላችሁ ቁጠሩ፤ ቆጣሪው ፖሊስ ሳይሆን ነርስ ትሁን፤ ስም አይመዝገብ። ያለማዘዣ የሚሸጠውን መድኃኒት ቤትም የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ ንገሩን። መልሳችሁን በዚሁ ገጽ ለማተም አዘጋጆቹ ፈቃደኞች ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት እትም ቦታው ክፍት ነው።