የተቆጠረውን ዳግም መቁጠር

አይሶሞርፊክ የሆኑትን እንደ አንድ ብንወስድ፣ ኦርደራቸው 1024 የሆኑ ግሩፖች ስንት ናቸው? ቤሼ፣ አይክና ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት መልሱ 49,487,365,422 ነበር። ቁጥሩ ለሃያ ዓመታት ገደማ ሲጠቀስ ቆየ። ኋላም ዴቪድ በረል ስሌቱን መርምሮ ትክክለኛው 49,487,367,289 መሆኑን አሳየ፤ 1,867 ግሩፖች ሳይቆጠሩ ቀርተው ነበር። ግሩፖቹ በስሌት ተቆጠሩ እንጂ አንድ በአንድ ስላልተዘረዘሩ፣ ጉድለቱን የሚያጋልጥ መዝገብ አልነበረም።

በእኛ ዘንድ የማስተርስ ጥናት ሲመዘን «ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የታተመን ውጤት በሌላ መንገድ ማረጋገጥም ለዕውቀት አስተዋጽኦ ነው። ኦርደራቸው 60 የሆኑ ግሩፖች 13 መሆናቸውን ሶፍትዌር በቅጽበት ይነግረናል፤ በሲሎው ቴዎረሞች ተነሥቶ እዚያው የሚደርስ ተማሪ ግን ለምን 13 እንደሆኑ ያውቃል። ከፍ ላሉ ኦርደሮች ደግሞ የራሱን የመቁጠሪያ ፕሮግራም ጽፎ ከታተመው ሰንጠረዥ ጋር ማነጻጸር ለመመረቂያ የሚበቃ ሥራ ነው።

በተክለ ሃይማኖት መደብሮች ተቆጥሮ የተሰጠን ብር ተቀባዩ ዳግም ይቆጥራል፤ ሰጪውም አይቀየምም። የትምህርት ክፍሎቻችንም ማረጋገጥን ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርእስ አድርገው ሊቀበሉት ይገባል።