የስለላ ሶፍትዌር ነጋዴዎች ጋብቻ፡ የእኛን ዕዳ ማን ይወርሳል?

ከያራቪል፣ ሜልበርን

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 2018 ላይ የእስራኤሉ ኤንኤስኦ እና የአሜሪካው ቬሪንት የተባሉት ሁለት ትልልቅ የሶፍትዌር ኩባንያዎች በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊዋሃዱ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እኛ ግን በዚያ ሰሞን ጆሯችን ሌላ ቦታ ነበር። እስረኛ እየተፈታ፣ አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ከእስር እየወጡ፣ ፉትስክሬይ ቡና ላይ የሚነሳው ሁሉ ወደ አገር ስለመመለስ ነበር። ወሬውን ሳነሳባቸው አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ እነሱ ቢጋቡ ቢፋቱ እኛ ምን አገባን?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ድርድሩም በዚያው ክረምት ፈረሰ፤ ነገሩ ተረሳ።

ኦክቶበር 2025 ላይ ኤንኤስኦ በአሜሪካ ባለሀብቶች እጅ መግባቱን ራሱ አረጋገጠ። ያ ጥያቄም ተመልሶ መጣብኝ። ስለ ኮምፒውተር ያለኝ እውቀት ከመተየብ ብዙም አያልፍም፤ የኩባንያ ሽያጭና ውህደት ምን እንደሚያስከትል ግን ለዓመታት ያስተማርኩት ነገር ነው። እናም አዎ፣ ያገባናል።

የእኛ ወገኖች የተሰለሉት በሌሎች ሦስት ኩባንያዎች ዕቃ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ ማርች 2013 ላይ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ ይዞ መሰራጨቱን፣ መቆጣጠሪያ ሰርቨሩም በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ መገኘቱን ይፋ አደረገ። በ2014 ደግሞ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር በቤልጂየምና በቨርጂኒያ በሚገኙ የኢሳት ባልደረቦች ላይ መሞከሩን አሳየ። ከዚያም ዲሴምበር 2017 ላይ የሳይበርቢት ተራ ሆነ። በ20 አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮች ተነክተዋል፤ ዘዴው ሐሰተኛ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ ነበር። ቪዲዮ ለማየት «አፕዴት አድርግ» ሲባል ስንቶቻችን ሳናመነታ ተጭነናል!

ታዲያ ተበዳይ ወዴት ይሂድ? በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። ፊንፊሸር ለወራት ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ይቀዳ ነበር። ማርች 2017 ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም ሰላዩ ሶፍትዌር የተላከው ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም፤ ስለዚህ የውጭው መንግሥት ያለመከሰስ መብቱ አይነካም የሚል ነው። በሌላ አነጋገር አንድ መንግሥት ሳሎንህ ድረስ ሰው ልኮ ቢያዳምጥህ ይጠየቅ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ኮምፒውተርህን ሰላይ ካደረገው ግን አይጠየቅም።

ለመንግሥት የተዘጋው በር ለኩባንያ ግን ክፍት ሆኖ ተገኘ። ዋትስአፕ 1,400 ያህል ተጠቃሚዎቼ ተሰልለዋል ብሎ ኤንኤስኦን በ2019 ከሰሰ። ኩባንያው «ደንበኞቼ መንግሥታት ስለሆኑ አልከሰስም» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሟገትም አልሆነለትም፤ ሜይ 2025 ላይ የካሊፎርኒያ ዳኞች ሸንጎ ከ167 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደበት። ዳኛዋ በኋላ ቅጣቱን ወደ 4 ሚሊዮን አወረዱት። ቢሆንም መርሁ ጸንቷል፤ መሣሪያውን የተጠቀመው ባይጠየቅ የሸጠው ይጠየቃል። የውህደቱና የሽያጩ ወሬ የእኛም ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ኩባንያ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሲቀላቀል በአብዛኛው ሀብቱም ዕዳውም አብሮ ይተላለፋል። ገዢው ኮዱን፣ ባለሙያውንና የደንበኞቹን ዝርዝር ብቻ መርጦ ከገዛ ግን ዕዳው ባዶ ቀፎ ሆኖ ከቀረው አሮጌ ስም ጋር ይቀራል። የትኛው እንደተደረገ የሚናገረው ውሉ ነው፤ ውሉ ደግሞ ካዝና ውስጥ ነው።

የሃኪንግ ቲምን ጉዞ ተመልከቱ። በ2015 ሰነዶቹ ተሰርቀው 400 ጊጋባይት ያህል መረጃ አደባባይ ወጣ፤ ከኢትዮጵያ ጋር የነበረው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ንግድም እዚያው ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ አዲሱ ባለቤት በአንድ ዩሮ ገዛሁት አለ፤ ከራሱ ድርጅት ጋር አዋህዶም ሜሜንቶ ላብስ አለው። (ሜሜንቶ በላቲን «አስታውስ» ማለት ነው፤ ቀልድ ያውቃሉ።) ኦክቶበር 2025 ላይ ካስፐርስኪ «ዳንቴ» የተባለውን አዲሱን የስለላ ሶፍትዌራቸውን አጋለጠ። ስሙ ቢቀየርም ሥራው ያው ነው። ሳይበርቢትም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ኤልቢት በ2015 የናይስን የሳይበር ስለላ ክፍል እስከ 158 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዝቶ ጠቀለለበት። ናይስ ደግሞ ቀድሞ የሃኪንግ ቲምን ዕቃ ይሸጥ እንደነበር ያው ያፈተለከው ሰነድ ያሳያል። የሚነግዱት፣ የሚጋቡትና የሚወራረሱት እርስ በርሳቸው ነው።

ይህን ሰንሰለት መከታተል ትርፍ የለውም አልልም። የጀርመን ዓቃቤ ሕግ በ2023 የከሰሰው የፊንፊሸርን ስም ሳይሆን አራት የቀድሞ ኃላፊዎችን ነው፤ ኩባንያው ግን ከዓመት በፊት ከስሯል። ክሱ ያለፈቃድ ለቱርክ ተሸጠ በሚል እንጂ በእኛ ጉዳይ አይደለም። የእኛን ጉዳይ የሚያነሳ ከሌለ ማንም አያነሳውም፤ ብዙዎቹ ዶሴዎች ደግሞ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ ይርጋ አይጠብቅም።

በ2018 ለውጥ መጣ፣ ድረ ገጾቻችን ተከፈቱ፣ ሰዎቻችን ቦሌ ላይ በአበባ ተቀበሏቸው። ኢንሳ ግን አልፈረሰም። ወደ ሥልጣን የመጡት ጠቅላይ ሚኒስትርም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ከ2018 በፊት ከኮምፒውተሮቻችን የተቀዳው ሁሉ በማን እጅ ነው? ተደምስሷል ወይስ ተወርሷል? ይህን በይፋ የጠየቀ የተቃዋሚ ድርጅት እንኳ አልሰማሁም፤ ቦሌ የተቀበሉትም ቢሆኑ።

የኪዳኔ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ሶፍትዌር ሲትዝን ላብ ሪፖርቱን ባወጣ በአምስት ቀኑ ሥራውን አቁሟል፤ ሊያመልጥ ሲል ግን ዱካውን ጨርሶ አላጠፋም ነበር። ክሱ ሊጻፍ የቻለው በተረፈው ዱካ ነው። ስለዚህ ያን ዘመን የነበረ ላፕቶፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ያላችሁ አትጣሉት፤ አታጥፉት፤ ለልጅም አትስጡት። የእኔ እዚህ ያራቪል፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር፣ ባትሪው አብጦ ተቀምጧል። ባለቤቴ በየገናው ልትጥለው ታነሳዋለች፤ በየገናውም እንጨቃጨቃለን።