የሞተር ምርመራም ዋጋ አለው

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚመለሱት ነጋዴዎች ኦቶሞቢሎች ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ወልቂጤ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ እምድብርና ወደ ጉንችሬ ይበተናሉ። በመካከላቸው መርሴዲሱና ትልቁ ላንድ ክሩዘር ጥቂት አይደለም። የሞተሩ ክዳን ተከፍቶ እንፋሎት እየተነነበት በመንገድ ዳር የሚቆመውም እንዲሁ አይጠፋም።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ዕቃ ይለወጥ?» ብሎ ነው። ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይታይም።

የሞተርን መፍላት እንመልከት። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወልቂጤ ግን 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአዲስ አበባም ከዚህ ዝቅ ይላል። የዛሬ ሞተር ደግሞ በ90 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት እንዲሠራ የተበጀ ነው። ታዲያ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አምቆ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲላላ፣ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ባለቤቱ ግን ፖምፓ ያስለውጣል፤ ራዲያተር ያስለውጣል፤ በመጨረሻም በሙቀት የተጣመመውን ቴስታታ አስወርዶ ጓርኒሲዮን ያስለውጣል። ያ አሮጌ ክዳን ግን በአዲሱ ራዲያተር ላይ ተመልሶ ይገጠማል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። በደጋው አገር ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ይበላሻል፤ እውነተኛው ጉድለት ግን ሳይነካ ቆይቶ የጊቤን በረሃ ወርዶ ዳገቱን ሲወጣ ይገለጣል።

በሞላ ፋንታ የአየር ከረጢት ባላቸው መኪናዎችም ነገሩ አንድ ነው። ከረጢቱ ተሰንጥቆ አየር ሲያፈስ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ሲነፋ ውሎ ይቃጠላል። ኮምፒዩተሩ የሚያመለክተው የተቃጠለውን ኮምፕሬሰር ነው፤ ስንጥቁ ሳይደፈን የተገጠመው አዲሱም ጥቂት ቆይቶ ይከተለዋል። (የባትሪ መድከም ብቻ በዳሽቦርዱ ላይ ብዙ መብራት እንደሚያበራም ልብ ይሏል።)

ይህ ሁሉ የሚሆነው መካኒኮቻችን ዕውቀት አጥተው ነው የሚል ካለ አንስማማም። ባለ መኪናው ለዕቃ ብዙ ሺህ ብር ሲከፍል አያመነታም፤ ለሁለት ሰዓት ምርመራ ክፈል ሲባል ግን «ምን ሠራህና?» ይላል። ለምርመራው የማይከፈለው ሰው እንጀራውን ከዕቃው ላይ መፈለጉ አይቀርም፤ ዕቃ ባስለወጠ መጠንም ይጠቀማል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ሒሳብ ሊስተው አይገባም ነበር።

በነዳጅ የሚሠሩ ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ቀድሞ ሞተሩ የተበላሸበት ሰው ሸጦ ሌላ ለማስመጣት ያስብ ነበር፤ ዛሬ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኖበታል። መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው።

ስለዚህ ጋራዦች የምርመራን ዋጋ ከጥገናው ለይተው በግልጽ እንዲያስታውቁ፣ የተገኘውንም ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡ እንጠይቃለን። አስመጪዎችና ባለ ሱቆችም ድርሻ አለባቸው። የራዲያተር ክዳን ሲሸጥ ስለ ገጠመ ብቻ መስጠት አይበቃም፤ 1.1 ወይም 1.4 ተብሎ የተጻፈበት የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር መተያየት አለበት። ኩላንትም በቀለሙ ሳይሆን በመኪናው መጽሐፍ በታዘዘው ዓይነት ይሸጥ። ከውሃ ጋር የሚደባለቀውንና ተደባልቆ የመጣውንም ለገዢው ለይቶ መንገር ለሻጩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።